ፖለቲካው ለዘጠነኛው ሳምንት የቆየበት ኮርስ

ስለ መዋቅራዊነት (ትርጉም የሚገኘው ክፍሎች እርስ በርስ ካላቸው ግንኙነት ነው ስለሚለው አስተሳሰብ)፣ ያ ግንኙነት ጸንቶ መቆሙን ስለሚጠራጠረው ስለ ተከታዩ ድኅረ መዋቅራዊነትና ስለ ሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ ፖለቲካ የሚያስተምር የአሥር ሳምንት የበይነ መረብ ኮርስ ሰሞኑን ጨርሻለሁ። ኮርሱ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ሲሆን፣ በየሳምንቱ ሁለት የተቀረጹ ትምህርቶች፣ አንድ የንባብ ጥራዝ፣ ከመምህሩ ጋር የሚደረግ የቀጥታ ውይይት፣ በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ በአራሚ የሚታይ አጭር የጽሑፍ ሥራ አለው። የአዘጋጁን ተቋም ስም አላነሳም፤ የምነቅፈው ጉድለት መስኩን በሚያስተዋውቁ ብዙ ኮርሶች ላይ የሚታይ ነውና። ፍርዴን ግን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ደጋግሞ ሊያዩዋቸው የሚገቡ ናቸው፤ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት በጥድፊያ የተሠሩ ናቸው፤ «ንድፈ ሐሳብና ፖለቲካ» የተባለው ዘጠነኛው ሳምንት ደግሞ ኮርሱ ከመነሻው ሲሸሸው የኖረውን ጉዳይ በሁለት ሰዓት ሊያካክስ የሞከረበት ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው ትምህርት የሚከፈተው በባቡር ነው። የስዊስ የቋንቋ ሊቅ የሆነው ፈርዲናንድ ደ ሶሱር በየምሽቱ በተወሰነ ሰዓት ከጄኔቭ ወደ ፓሪስ የሚነሳውን ባቡር እንደ ምሳሌ ያነሳል፤ ዛሬ የሄደውና ነገ የሚሄደው ባቡር ሞተሩም፣ ፉርጎዎቹም፣ ሠራተኞቹም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ፣ እኛ ግን ሁለቱንም «ያው ባቡር» እንላቸዋለን። ባቡሩን ያንን ባቡር የሚያሰኘው ብረቱ ሳይሆን የመነሻ ሰዓቱ፣ መንገዱና ከሌሎቹ ባቡሮች የሚለይበት ቦታው ነው። መምህሩ በዚህ ምሳሌ ላይ ብዙ ይቆያሉ፤ መቆየታቸውም ልክ ነው፤ ተማሪው ምልክት ማለት የጠቋሚ (የድምፁ) እና የተጠቋሚ (የሐሳቡ) ጥምረት ነው፣ ጥምረቱም በዘፈቀደ የተደረገ ነው የሚለውን ከመስማቱ በፊት፣ አንድ ነገር በራሱ ይዘት ሳይሆን በዙሪያው ካሉት በመለየቱ ብቻ ማንነት ሊያገኝ እንደሚችል በዓይኑ ያየዋልና። ከዚያ በኋላ «ቤት» ቤት ሆኖ የሚሰማን «ሴት» ባለመሆኑ ነው ቢባል የሚያስደነግጥ ነገር አይኖርም። ስለ ሶሱር ከሰማኋቸው ገለጻዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ግልጽ አላጋጠመኝም።

የቀረው ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቀረ ነው። ሶሱር ከ1907 እስከ 1911 ጄኔቭ ላይ ሦስት ጊዜ ያስተማረውን ትምህርት በመጽሐፍ መልክ አላሳተመም፤ በ1913 ሞተ። በ1916 በስሙ የወጣውን መጽሐፍ ያዘጋጁት ሻርል ባዪና አልበር ሴሼዬ ሲሆኑ፣ ሁለቱም እነዚያን ትምህርቶች ተቀምጠው ያልተከታተሉ፣ የተማሪዎችን ማስታወሻ አሰባስበው፣ አቀናጅተውና አንዳንዱን ራሳቸው አሟልተው የጻፉ ናቸው። በ1996 ጄኔቭ በሚገኘው በቤተሰቡ መኖሪያ የራሱ የእጅ ጽሑፎች ሲገኙ፣ እነዚያ ወረቀቶች ከታተመው መጽሐፍ ይልቅ ጠያቂና አመንቺ የሆነ ሶሱርን አሳይተዋል። መምህሩ ይህን ታሪክ በአንድ ሐረግ ብቻ አለፉት። በዚህ ቅር ያለኝ ታሪክ ወዳድ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። የአንድ ትምህርት መሠረት የሆነው መጽሐፍ በማን እጅ፣ ከምን ተለቅሞ፣ በማን ፈቃድ መጽሐፍ እንደ ሆነ ማወቅ ራሱ የንድፈ ሐሳቡ ጉዳይ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የደራሲን ሞት፣ ማለትም የጽሑፍ ትርጉም ከደራሲው ሐሳብ ነጻ መሆኑን፣ የሚያውጀው ወገን የቆመው ደራሲው ባልጻፈው መጽሐፍ ላይ ነውና።

ሁለተኛው ሳምንት የሩሲያዊው የተረት ተመራማሪ የቭላዲሚር ፕሮፕ ነው። ፕሮፕ በ1928 ባሳተመው ጥናት ከአፋናሲየቭ ስብስብ የወሰዳቸውን መቶ የሩሲያ ተአምራዊ ተረቶች አስተያይቶ፣ ገጸ ባሕርያቱና ዕቃዎቹ የቱንም ያህል ቢለዋወጡ በታሪኩ ውስጥ የሚፈጸሙት የድርጊት ዓይነቶች ከ31 እንደማይበልጡ፣ ቅደም ተከተላቸውም እንደማይዛባ፣ የሚፈጽሟቸውም ሰባት ዓይነት ባለ ድርሻዎች እንደሆኑ አሳይቷል። ከቤተሰቡ አንዱ ከቤት ይርቃል፤ አንድ ነገር ይከለከላል፤ ክልከላው ይጣሳል፤ እንዲህ እያለ እስከ ሠርጉና እስከ ዙፋኑ ይሄዳል። የመጀመሪያው የጽሑፍ ሥራችን የመረጥነውን አንድ ተረት በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ማስቀመጥ ነበር። እኔ ወንድሟን ፍለጋ የወጣች እኅት የምትገኝበትን፣ በልጅነቴ የሰማሁትን ተረት መረጥኩ። ስሠራው አስማታዊ ዕቃ የሚሰጥ ረዳት በውስጡ እንደሌለ፣ ጀግናዋም አለመመረጧንና ዙፋን አለማግኘቷን፣ ተረቱም በመመለሷ ብቻ እንደሚያበቃ አየሁ፤ ይህንኑም ጻፍኩ።

አራሚው የመለሰልኝ አስተያየት «ተረቱ ያልተሟላ ነው፤ ሌላ ብትመርጥ ይሻል ነበር» የሚል ነበር። በዚህ አስተያየት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኮርሱ ሕመም በሙሉ በውስጡ አለና። አንደኛ፣ ፕሮፕ ራሱ እያንዳንዱ ተረት 31ዱንም ድርጊቶች ይይዛል አላለም፤ ያለው፣ የሚገኙት ድርጊቶች ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው ይገኛሉ ነው። ሁለተኛ፣ ጥናቱ የተአምራዊ ተረት ጥናት እንጂ የተረት ሁሉ ጥናት አልነበረም፤ ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ክሎድ ሌቪ-ስትሮስ በ1960 ለሰነዘረበት ሂስ ከዓመታት በኋላ መልስ ሲሰጥ፣ የመጽሐፉን ርእስ ያሰፋው አሳታሚው እንደ ነበር ፕሮፕ አማሯል። ከአንድ አገር፣ ከአንድ ስብስብ፣ ከአንድ ዓይነት ተረት የተቀዳ ሰንጠረዥ ትውልዱ ተዘንግቶ በተማሪ እጅ ሲገባ መለኪያ ይሆናል፤ መለኪያ ከሆነ በኋላ ደግሞ ያልገጠመው ተረት ጎደሎ ይባላል። ለእኔ የሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ ፖለቲካ የጀመረው በዘጠነኛው ሳምንት ሳይሆን በዚህች የአራሚ ማስታወሻ ነው። ለአዘጋጆቹ ይህንኑ ጽፌ የላክሁት አቤቱታ «አስተያየትዎ ደርሶናል» የሚል መልስ ብቻ አግኝቷል።

ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት የቋንቋ ሊቁ የሮማን ያኮብሰንና የክሎድ ሌቪ-ስትሮስ ናቸው። እዚህ ላይ መምህሩ ምን ያህል የንባብ ሰው እንደሆኑ ይታያል። ሁለቱ ሊቃውንት በ1962 በጋራ ያሳተሙትን፣ «ድመቶቹ» በተባለው የፈረንሳዊው ባለቅኔ የቦድሌር ግጥም ላይ የተሠራውን ትንታኔ ይዘው፣ አሥራ አራቱን መስመሮች በሰሌዳ ላይ ዘርግተው፣ ቤት አመታቱን፣ የስሞቹን ጾታና ቁጥር፣ የግሦቹን አቀማመጥ እያሰመሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስኬዳሉ። ተመልካቹ በመዋቅሩ ውበት መገረም በጀመረበት ሰዓት የሃያሲውን የሚካኤል ሪፋቴርን የ1966 ጥያቄ ይጥሉበታል፦ ይህን ሁሉ ተመጣጣኝነት የትኛው አንባቢ ነው የሚያስተውለው? በሰዋስው ደረጃ ያለ ነገር ሁሉ በግጥም ደረጃ ይሠራልን? ውይይቱ በዚያ ሳምንት የሞቀው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ዘዴ ኃይሉን ባሳየበት መስክ ላይ ወዲያው ሲጠየቅ ማየት ከማንኛውም ገለጻ በላይ ያስተምራል፤ ኮርሱ በሙሉ በዚህ መንገድ ቢሠራ ኖሮ ይህን ግምገማ በምስጋና ብቻ በጨረስሁት ነበር።

ሁለቱ ሰዎች የት እንደ ተገናኙ ግን አልተነገረንም። ሌቪ-ስትሮስ በ1941 ከፈረንሳይ የወጣው ለናዚ ጀርመን ያደረው የቪሺ መንግሥት በአይሁድ ላይ ባወጣው ሕግ ምክንያት ነው፤ ያኮብሰንም ናዚዎች ፕራግን ሲይዙ ሸሽቶ፣ በስካንዲኔቪያ አገሮች አድርጎ ኒው ዮርክ ደርሷል። የተገናኙት ስደተኛ ምሁራን በመሠረቱት የፈረንሳይኛ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ አንዱ የሌላውን ትምህርት ቁጭ ብሎ ተከታትሏል። የሰው ልጅ አእምሮ በየትም ቦታ በአንድ ዓይነት ሕግ ይሠራል የሚለው ሐሳብ በዘር ተከፋፍሎ በሚታረድ ዓለም ውስጥ፣ ከዚያ በሸሹ ሰዎች ዘንድ ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው ማሰብ አያዳግትም። ይህ ሳይነገር መዋቅራዊነት ቀዝቃዛ ሒሳብ መስሎ ይቀርባል፤ በኋላም «ታሪክን የካደ» ተብሎ ሲከሰስ፣ ተማሪው የክሱን ግማሽ እንኳ ለመመዘን አቅም አይኖረውም።

አምስተኛው ሳምንት የፈረንሳዊው ሃያሲ የሮላን ባርት ነው። ስለዚህ ሳምንት ክፉ ቃል የለኝም። ባርት በ1970 ባሳተመው ሥራው የባልዛክን አንድ አጭር ልቦለድ 561 ቦታ ከፋፍሎ፣ እያንዳንዷን ቁራጭ በአምስት ኮዶች እየፈተሸ ያነባል፤ የጥያቄና የምሥጢር፣ የድርጊት፣ የባሕርይ ፍንጭ፣ የተምሳሌትና የባህል ዕውቀት ኮዶች ናቸው። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ (S/Z) በሁለት ፊደላት ላይ የቆመ ነው፤ የልቦለዱ ዋና ሰው የሆነው የቀራፂው (Sarrasine) ስም በፈረንሳይኛ ልማድ በ«ዝ» ድምፅ ፊደል ይጻፋል ተብሎ ሲጠበቅ ባልዛክ በ«ስ» ጽፎታል፤ ባርትም ያችን የፊደል ለውጥ የታሪኩ ሁሉ ቁስል አድርጎ ያነባታል። መምህሩ ይህን ከተረኩ በኋላ ተማሪዎቹ ከማናቸውም ልቦለድ አንድ አንቀጽ ወስደን እንድንቆራርስ አዘዙን። እኔ የአሥር መስመር አንቀጽ ይዤ ሦስት ምሽት ፈጀሁ። «በሩን ከፈተና ቆም አለ» የምትል ዓረፍተ ነገር ብቻ አንድ ድርጊት ትጀምራለች፣ ስለምን ቆመ የሚል ጥያቄ ትዘራለች፣ በር ላይ የሚቆም ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የምናውቀውን ሁሉ ታስጠራለች፤ እነዚህ ሁሉ ሥራዎች በአንዲት መስመር ላይ ተደራርበው እንደሚኖሩ ያን ጊዜ ነው በእጄ የዳሰስኩት። መዋቅርን ለማግኘት የተነሳ ንባብ መዋቅር ሊይዘው የማይችለውን ብዛት ይዞ ሲመለስ፣ ከመዋቅራዊነት ወደ ድኅረ መዋቅራዊነት የተደረገው መሻገር ምን እንደ ነበር ያለ ትርጓሜ ይገባል።

እዚያው ሳምንት ላይ መነሳት የነበረበት ጠብ ግን ከኮርሱ ጭራሽ ጠፍቷል። ባርት በ1963 ስለ ራሲን የጻፈውን መጽሐፍ ተከትሎ የሶርቦኑ ፕሮፌሰር ሬሞን ፒካር በ1965 አዲሱን ሂስ «ማጭበርበር» ብሎ የሚከስ መጽሐፍ አወጣ፤ ባርትም በ1966 መለሰ። ጠቡ በላይ በላዩ ሲታይ ስለ አንድ የ17ኛው መቶ ዘመን ጸሐፌ ተውኔት ነው፤ ከሥሩ ግን ብሔራዊ ቅርስ የተባለን ደራሲ በምን ቋንቋ ማንበብ ይፈቀዳል፣ ፈቃዱንስ የሚሰጠው ማን ነው የሚል ነው። ባርት በ1957 መጽሐፉ ውስጥ የአንድ መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣውን፣ የፈረንሳይ የደንብ ልብስ ለብሶ ሰላምታ የሚሰጥ ወጣት ጥቁር ወታደር ፎቶግራፍ አንብቦ፣ ምስሉ ግዛተ አፄን እንዴት እንደ ተፈጥሮ ነገር እንደሚያሳይ ሲተነትን፣ የአልጄሪያ ጦርነት እየተካሄደ ነበር። ኮርሱ ፎቶግራፉን ያሳያል፤ ጦርነቱን አይጠቅስም።

ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ የመምህሩ ድምፅ ራሱ ይለወጣል፤ የሚያነቡ ሰው መሆናቸው ቀርቶ የሚያጠቃልሉ ይሆናሉ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣክ ዴሪዳ በጥቅምት 1966 ባልቲሞር ላይ፣ መዋቅራዊነትን ለአሜሪካ ለማስተዋወቅ በተጠራ ጉባኤ ላይ ተነሥቶ፣ እያንዳንዱ መዋቅር የሚያርፍበት ማዕከል ከመዋቅሩ ውስጥም ውጭም ሆኖ እንደሚገኝ በማሳየት እንግዳውን ገና በሩ ላይ ሳለ መፈተኑ በኮርሱ ውስጥ ጥሩ ሆኖ ተነግሯል። ከዚያ በኋላ ግን ዲኮንስትራክሽን (ጽሑፍ የቆመባቸውን ተቃርኖዎች እየፈታ የሚያነብበው የዴሪዳ መንገድ) ወደ አንድ መፈክር ይወርዳል፦ «ከጽሑፍ ውጭ ምንም የለም»። መምህሩ ይህን «ዓለም ሁሉ ቃል ብቻ ነው» በሚል ተረጎሙት፤ ከዚያም ያንኑ የራሳቸውን ትርጓሜ እየተቹ ግማሽ ሰዓት አሳለፉ። የፈረንሳይኛው ሐረግ ግን ከአሳታሚዎች ቋንቋ ጋር ይጫወታል፤ ቃሉ በመጽሐፍ መሐል ከገጽ ቁጥር ውጭ የሚገባውን የሥዕል ቅጠል ያመለክታል። ከቁጥሩ ውጭ ቆሞ የሚያስረዳ ቅጠል የለም፣ ማስረጃ ተብሎ የሚመጣው ሁሉ ራሱ መነበብ የሚኖርበት ነው ማለት፣ ዓለም የለችም ከማለት በእጅጉ ይለያል። ዴሪዳ ራሱ በኋላ ሐረጉን ከዐውድ ውጭ የሆነ ነገር የለም በሚል አብራርቶታል።

በዚሁ ሳምንት በ1968 የተሰጠው የዲፌራንስ ንግግር ቀርቧል። ዴሪዳ «ልዩነት» በሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ውስጥ አንዲት አናባቢ ፊደል ለወጠ፤ ለውጡ ለዓይን ይታያል፣ ለጆሮ አይሰማም፤ በዚህም መለየትንና ማዘግየትን በአንድ ቃል አሠረ። ትምህርቱን በአማርኛ ማስታወሻ ስይዝ አንድ ነገር አሳቀኝ፤ በእኛ ፊደል ሁለቱም ቃላት «ዲፌራንስ» ተብለው ስለሚጻፉ ጨዋታው ሁሉ ይሟሟል። ሆኖም አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ከፈረንሳይኛ የበለጠ ምቹ ነው። ሠዓሊ የሚሥለው ነው፣ ሰአሊ ደግሞ የሚለምነው፤ ስንናገራቸው አንድ ናቸው፣ የሚለያያቸው ወረቀቱ ብቻ ነው። በተቃራኒው «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ጆሮ ይለየዋል እንጂ ወረቀቱ አያውቀውም። ንግግር ቀዳሚና ሙሉ ነው፣ ጽሕፈት ተከታይና ቅጂ ነው የሚለውን አሮጌ ደረጃ ዴሪዳ በአንዲት ፊደል ሲነቀንቀው፣ ሁለቱም ወገኖች እያንዳንዳቸው ሌላው የሌለውን ይዘው የሚኖሩበት ቋንቋ ተናጋሪ ነገሩን ለመረዳት ረጅም መንገድ አያስፈልገውም። ይህን በጽሑፍ ሥራዬ ውስጥ አስገብቼ ነበር፤ አራሚው ከዳር «ከርእሱ ወጥቷል» ብሎ ጻፈበት።

የራሴንም ስሕተት ልናገር። በቀጥታ ውይይቱ ላይ ሰምና ወርቅን ከጠቋሚና ከተጠቋሚ ጋር አመሳስዬ ተናገርኩ፤ መምህሩም ተደሰቱበት፣ ሌሎቹም ማስታወሻ ያዙ። ሳስበው ግን ንጽጽሩ አይቆምም። ሰሙ ቀልጦ ወርቁ የሚቀር ከሆነ ፍለጋው መጨረሻ አለው፣ የሚያውቅ ሰው አለ፣ ላላወቀው የሚፈታለት መምህር አለ፤ የድኅረ መዋቅራዊነት ጥርጣሬ ደግሞ የሚያርፈው በዚያው ወርቁን አግኝቻለሁ በሚለው ሰው ሥልጣን ላይ ነው። መምህሩ ቢያርሙኝ እመርጥ ነበር።

ስለ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሚሼል ፉኮ የተሰጠው ስምንተኛ ሳምንት ከሌሎቹ ያነሰ ስለሆነ አልቆይበትም፤ በየካቲት 1969 ስለ ደራሲ ምንነት ከሰጠው ንግግር የተወሰደው ንባብ ጥሩ ነው፣ ትምህርቱ ግን ዲስኩርን (በአንድ ዘመን ምን ሊባል እንደሚችል የሚወስነውን የአነጋገር ሥርዓት) እና ሥልጣንን ከመደጋገም አያልፍም። የሚገርመው፣ ያ ንግግር በተሰጠበት አዳራሽ የተነሳው ክርክር ለኮርሱ የተዘጋጀ ያህል የተመቸ መሆኑ ነው። ማርክሳዊው ሃያሲ ሉሲየን ጎልድማን ከግንቦት 1968 የተማሪዎች ዐመፅ አንድ የሰሌዳ ጽሑፍ አነሳ፤ መዋቅሮች ወደ አደባባይ አይወጡም የሚል ነበር። የሥነ ልቦና ተንታኙ ዣክ ላካንም የግንቦቱ ነገር ያሳየው በትክክል የመዋቅሮችን ወደ አደባባይ መውጣት ነው ብሎ መለሰለት። መዋቅራዊነት ለለውጥ ቦታ አለው ወይስ የለውም የሚለው የዘመኑ ዋና ጥያቄ በሁለት ዓረፍተ ነገር እዚያ ተቀምጧል፤ የንባብ ጥራዙ ግን ከንግግሩ መጨረሻ ላይ ቆርጦታል።

ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ስንደርስ ፖለቲካ «አተገባበር» በሚል ስም ይመጣል። ዘዴዎቹን ተምራችኋል፣ አሁን በፖለቲካ ጉዳዮች ላይ ታውሏቸዋላችሁ ዓይነት ነው። ቀጥሎ ሁለት ወገኖች ይቀርባሉ፤ አንደኛው ንድፈ ሐሳብን ነጻ አውጪ ይለዋል፣ ሌላው እውነትንና ሥነ ምግባርን ያፈረሰ ይለዋል፤ መምህሩም መሐል ቆመው ሁለቱም ልክ የሆኑበት ነገር አለ ይላሉ። ይህን ዓይነት ሚዛን አልወደውም፤ የማንንም ነገር ሳይመዝን የሚቀር ሚዛን ነውና። ፈላስፋው ዣን-ፖል ሳርትር በ1966 የፉኮን ሥራ ቡርዧው በማርክስ ላይ ሊያቆመው የሚችለው የመጨረሻ ግድብ ብሎ ሲነቅፍ ከግራ የመጣ ክስ ነው፤ ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ በ1992 ካምብሪጅ ለዴሪዳ የክብር ዲግሪ ልስጥ ወይስ አልስጥ ብሎ ድምፅ ሲሰጥና 336 ለ204 ሆኖ ሲያልፍ፣ የተቃዋሚዎቹ ክስ ሌላ ነው፣ የጥብቅነትና የግልጽነት ማጣት ክስ ነው። አንዱ ንድፈ ሐሳብን ለሥርዓቱ በማደሩ ሲወቅስ፣ ሌላው የዕውቀትን ሥርዓት በማናጋቱ ይወቅሳል። ሁለቱን «ተቃዋሚዎች» በሚል አንድ ስም መጥራት ፖለቲካውን ከነአካቴው መሰወር ነው። ቴል ኬል የተባለው የፓሪስ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ሰዎች፣ ባርትና ጁልያ ክሪስቴቫ ጭምር፣ በ1974 ወደ ማኦ ቻይና ያደረጉት ጉዞ ለዚህ ክርክር ስንት ነገር ባወጣ ነበር፤ በኮርሱ ውስጥ የለም።

የፖል ደ ማን ጉዳይ አለ፣ ግን በአራት ደቂቃ። በ1983 በሞተ ጊዜ የአሜሪካ ዲኮንስትራክሽን ዋና ሰው የነበረው ይህ የዬል መምህር፣ በወጣትነቱ በጀርመን ወረራ ሥር በነበረችው ቤልጅየም ለወራሪው ባደሩ ጋዜጦች ይጽፍ እንደ ነበር፣ ከጽሑፎቹም አንዱ፣ በመጋቢት 1941 የወጣው፣ ፀረ አይሁድ እንደሆነ በ1987 ታወቀ። ኮርሱ ይህን እንደ አሳፋሪ ወሬ ነክቶት ያልፋል። እኔ እንዲነበብ የምፈልገው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ጽሑፍ ከጸሐፊው ሐሳብ ነጻ ነው ሲሉ የኖሩ ሰዎች የአንድን ጸሐፊ ስም ለመከላከል ወይም ለመኰነን ምን ዓይነት ንባብ እንዳነበቡ ነው። ዴሪዳ ራሱ፣ በልጅነቱ በ1942 አይሁድ በመሆኑ ከአልጄሪያ ትምህርት ቤት የተባረረው ሰው፣ ለወዳጁ ረጅም ጽሑፍ ጽፏል፤ ብዙዎች ያን ጽሑፍ ይቅር አላሉትም። እዚህ ላይ ንድፈ ሐሳቡና ሕይወቱ በአንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚህ የተሻለ የፖለቲካ ትምህርት ከየት ሊገኝ ኖሯል?

ከሁሉ የከፋው ግን ጂኦግራፊው ነው። ፖለቲካ በተባለው ሳምንት እንኳ ክርክሩ ከፓሪስ፣ ከዬልና ከካምብሪጅ አይወጣም። ባርት የደራሲውን ሞት በፈረንሳይኛ ባሳተመበት በዚያው በ1968 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ታባን ሎ ሊዮንግና ሄንሪ ኦዎር-አንዩምባ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የእንግሊዝኛ ክፍሉ ይፍረስ፣ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍና ሥነ ቃል መሐል ይቀመጥ፣ ሌላው ከዚያ ጋር ባለው ግንኙነት ይጠና የሚል ጽሑፍ አቅርበው ነበር። ማዕከል ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ሲነቃነቅም ምን እንደሚፈጠር ለመማር የፈለገ ሰው የባልቲሞሩን ንግግርና የናይሮቢውን ጽሑፍ ጎን ለጎን ቢያነብ ምንኛ በተጠቀመ። ሃያሲዋ ባርባራ ክርስቲያን በ1987 ያነሳችው ጥያቄም የለም፤ እርሷ ንድፈ ሐሳብ ቁልፍ የሹመት መሰላል በሆነበት ወቅት፣ ጥቁር ሕዝቦች ሁልጊዜም በተረት፣ በእንቆቅልሽና በምሳሌያዊ አነጋገር ሲፈላሰፉ እንደኖሩ አስታውሳለች። ሕንዳዊቷ ምሁር ጋያትሪ ስፒቫክ በስም ተጠቅሳለች፤ በ1976 ዴሪዳን ወደ እንግሊዝኛ እንደ መለሰች ተነግሯል። ነገር ግን የ1988 ድርሰቷ ፉኮንና ፈላስፋውን ዴለዝን የሚጠይቅበት ነጥብ፣ ማለትም የተጨቆነው ለራሱ ይናገራል እያሉ የራሳቸውን የተናጋሪነት ስፍራ የሚሰውሩ ምሁራን ጉዳይ፣ በአንዲት ስላይድ ላይ «ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ» ተብሎ ተገልብጦ ቀርቧል። ድርሰቱን ያነበበ ሰው ይህን ሲያይ ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብደዋል።

አገልግሎቱን በሚመለከት ጥቂት ልበል። ቀረጻው ጥራት አለው፣ ድምፁ ይሰማል፤ የግርጌ ጽሑፉ ግን በማሽን የተሠራ ስለሆነ የሰዎችን ስም ያበላሻል፣ ሶሱር በየደቂቃው ሌላ ሰው ይሆናል። የንባብ ጥራዙ በስካን የተዘጋጀ ሲሆን በስድስተኛው ሳምንት ሁለት ገጾች ጎድለው ነበር፤ ስናመለክት በማግስቱ አስተካክለውታል። የቀጥታ ውይይቶቹ በሰዓቱ ይጀመራሉ፣ መምህሩም ለጥያቄ አይሰስቱም። እርማቱ ከሁሉ የደከመው ክፍል ነው፤ አራሚዎቹ በተሰጣቸው መመዘኛ ሰንጠረዥ ላይ ምልክት ከማድረግ ያለፈ ጊዜ የተሰጣቸው አይመስልም።

ሶሱርን፣ ፕሮፕንና ባርትን በሥርዓት አንብቦ ለማያውቅ ሰው ኮርሱን እመክራለሁ፤ የ«ድመቶቹ» ትምህርትና የባርት ሳምንት ብቻ ለድካሙ ይበቃሉ። ዴሪዳን ለማንበብ የሚፈልግ ከመምህሩ ገለጻ በፊት ራሱን ጽሑፉን ቀድሞ ይያዝ። በማጠናቀቂያው መጠይቅ ላይ ዘጠነኛው ሳምንት ወደ መጀመሪያው እንዲመጣ፣ በየሳምንቱም ጽሑፎቹ የት፣ በማን ላይና በምን ጠብ ውስጥ እንደ ተጻፉ የሚናገር አንድ ገጽ እንዲጨመር ጽፌያለሁ። አንድ ወዳጄ ሊመዘገብ ስለፈለገ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳምንታት ብቻ መውሰድ ይቻል እንደሆነም ጠይቄላቸው ነበር፤ ኮርሱ አንድ ወጥ ስለሆነ ተከፋፍሎ አይሰጥም ብለውኛል።